የከረሜላ ማሽን ሲሞላ፦ ለጎጃም አየርና ለጾሙ የሚሆነውን መምረጥ

እጀታው ሲዞር ግማሽ እፍኝ ከረሜላ ወይም ለውዝ የሚጥለው ማሽን ሻጭ የሌለው ሱቅ ነው። ባለሱቅ ቢኖር የተጣበቀውን ፍሬ ለቅሞ ይጥላል፣ ቀለሙ የለቀቀውን ለልጅ አይሰጥም፣ «ይሄ ወተት አለበት፣ ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው» ብሎ ይናገራል። ማሽኑ ይህን አያውቅም። ስለዚህ የሚሞላበት ነገር ራሱን በራሱ የሚጠብቅ መሆን አለበት፤ ሚያዝያ የማያቀልጠው፣ ሐምሌ የማያጣብቀው፣ ረቡዕና ዓርብ የማያስቆመው። ጣዕም ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ከጣዕሙ ይጀምራል። ራሱ የሚወደውን ቸኮሌት በካርቶን ገዝቶ ይሞላና በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑን በቢላዋ ሲፍቅ ይውላል።

መጀመሪያ መስፈሪያውን እዩ

ማሽኑ መብራት አይፈልግም፤ ሥራው ሁሉ የእጅ ነው። ከላይ ግልጽ ማጠራቀሚያ አለው፣ ከሥሩ ጉድጓድ ያለው መስፈሪያ ዲስክ፣ ከዲስኩ በላይ ትርፉን የሚጠርግ ብሩሽ፣ ከፊት ደግሞ ክዳን ያለው መውረጃ። እጀታው ሲዞር ጉድጓዱ የያዘውን ይዞ ከብሩሹ ሥር ያልፋል፤ መውረጃው ላይ ሲደርስ ይለቀዋል።

ችግር የሚፈጠረው እዚያች ብሩሹ ሥር ነው። አንድ ፍሬ ግማሹ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ከደረሰ ወይ ብሩሹ ይመልሰዋል፣ ወይ ከጠርዙ ጋር ተቀርቅሮ ይቆማል። ልጁ እጀታውን በጉልበት ሲያዞረው ፍሬው ይሰበርና ፍርፋሪው ከዲስኩ ሥር ይገባል። ፍርፋሪው ስኳር ነው፤ የክረምት እርጥበት ሲያገኘው እንደ ስሚንቶ ይይዛል። «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን የተጣበቀ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። የፍሬው ረጅሙ ጎን ከጉድጓዱ ስፋት ሲሶ አይብለጥ፤ ፍሬዎቹም እኩል ይሁኑ። አንዱ እንደ ሽምብራ፣ ሌላው እንደ ባቄላ የሆነ ቅልቅል የቱንም ያህል ቢያምር አትሙሉት። ክብ ማስቲካ ግን ሌላ ዲስክ አለው፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፍሬ። የተለመደው ማስቲካ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፍሬው በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ከጉድጓዱ ከበለጠ አይገባም፣ በጣም ካነሰ ሁለት ሁለት ይወድቃል። ካርቶን ከመግዛታችሁ በፊት አሥር ፍሬ ለምናችሁ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለኩ።

በየሱቁ የምናገኘው በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ለዚህ ማሽን አይሆንም። በሁለቱ ጫፍ የተጠመዘዘው ወረቀት ብሩሹ ላይ ይያዛል። ወረቀቱን ልጦ መሙላትም መፍትሔ አይደለም፤ ያ ከረሜላ ከላዩ ሽፋን ስለሌለው ወረቀቱ ነው ከእርጥበት የሚጠብቀው። ከተላጠ በኋላ ባሕር ዳር ላይ አንድ የክረምት ሳምንት አይቆይም። ለማሽን የሚሆነው ላዩ ጠንካራ የስኳር ቅርፊት ያለበትና የሚያንሸራትት ነው።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ አንድ አይደሉም

ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጅባራም ከዚያ አታንስም፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። የዚህ ልዩነት ከረሜላው ላይ በግልጽ ይታያል። ማርቆስ ላይ ከጥላ ሥር የማይቀልጥ ነገር ባሕር ዳር ላይ ይለሰልሳል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በመሐል ናቸው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገድ ዳር ደግሞ ቸኮሌት የሚባል ነገር ባይታሰብ ይሻላል።

የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም መለስለስ ይጀምራል። የአየሩ ሙቀት 30 ባይደርስ እንኳ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግልጽ ማጠራቀሚያ ውስጡ ከውጭው እጅግ ይሞቃል፤ መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚሆነው ማለት ነው። በቀለም የተሸፈነ ቸኮሌትም ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ይቀልጥና ሲበርድ ተያይዞ ይረጋል። ስለዚህ ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትና ከ10 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩ። በአንዱም ሰዓት ፀሐይ ካገኘው ቦታውን ቀይሩ። ቦታው የማይቀየር ከሆነ የሚሞላውን ቀይሩ።

ሙቀቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ እርጥበቱ ከሰኔ እስከ መስከረም። ከሁለቱ የሚከፋው እርጥበቱ ነው። ሙቀት የሚያጠፋው ቸኮሌትን ነው፤ እርጥበት ግን ስኳር ያለበትን ሁሉ ይነካል፣ በተለይ ኮምጣጣ የፍራፍሬ ጣዕም ያላቸውን። አሲዱ ስኳሩን ስለሚሰብረው እርጥበት ይስባሉ፣ ላያቸው ያልባል።

ከመግዛት በፊት ሁለት ሙከራ በቂ ነው። የመጀመሪያው በእፍኝ ነው። አምስት ፍሬ ጨብጡና ሁለት ደቂቃ ቆዩ። እጃችሁን ስትከፍቱ መዳፋችሁ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ካገኛችሁት ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ማሽን ውስጥም እርስ በርሱ ይቀባባል። ሁለተኛው የሌሊት ሙከራ ነው። አሥር ፍሬ ስኒ ውስጥ አድርጉ፣ አጠገቡ የራሰ ጨርቅ አስቀምጡ፣ ሁለቱንም በባልዲ ድፉና እደሩ። ጠዋት ስኒውን አዘንብሉት። አንድ በአንድ እየተንከባለሉ ከወጡ ክረምቱን ይችላሉ። ተያይዘው እንደ እንጎቻ ከወደቁ እስከ ጥቅምት ይቆዩ።

ጾሙ

የውጭ አገር ምክር የማይነግራችሁ ይህንን ነው። እዚህ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ነቢያት አለ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ አለ። ልጅ ሳንቲም ይዞ ሲመጣ እናት ከጎኑ ናት፤ ጥያቄዋም «የጾም ነው?» ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ማሽን ገንዘብ አያገኝም።

ከረሜላ ሁሉ የጾም የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ማሸጊያው ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ የወተት ዱቄት ወይም ዌይ (አጓት)፣ ቅቤ፣ ጄልቲን፣ እና ቁጥር 120 ያለው ቀይ ቀለም። ጄልቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ለጿሚው አይሆንም፣ ከአሳማ የመጣ ከሆነ ለሙስሊሙም አይሆንም። 120 ቁጥሩ ቀለም ከነፍሳት የሚሠራ ነው። በፔክቲን (ከፍራፍሬ በሚወጣ ማርጊያ) ወይም በስታርች የረጋ ለስላሳ ከረሜላ ከጾሙ ያመልጣል፣ ግን መለጠፉ ስለማይቀር ለማሽን አይመከርም።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ቸኮሌት መሞላት ያለበት ያኔ ይመስላል። ነገር ግን ያ ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ጾሙ ሲፈቅድ ሙቀቱ ይከለክላል። ፍልሰታ ደግሞ ክረምቱ መሐል ይውላል፤ ጾምና እርጥበት አንድ ላይ። ወተት ላለበት ነገር ዓመቱ የሚሰጠው ዋናው ፋታ ከገና እስከ ሁዳዴ መግቢያ ነው። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፣ ጥምቀቱና ሠርጉም ያኔ ነው። ያኔም ቢሆን ከማሽኑ አንዱን ቋት ብቻ ለእሱ ስጡ።

በጾም ወቅት የሽያጩ ሰዓትም ይለወጣል። በፍልሰታ ትንንሾቹም ስለሚጾሙና ስለሚቆርቡ ጠዋት እጀታውን የሚነካ የለም፤ ገበያው ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ ስታዩት «ቦታው አይሸጥም» ብላችሁ አትንቀሉት።

ማሸጊያው ላይ ያለውን ዝርዝር ቆርጣችሁ ከማሽኑ ጎን ለጥፉ፤ የሚያበቃበትን ቀን ጨምሩበት። ቀኑ የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ገልብጣችሁ ጻፉት። ከላይ በትልቁ «የጾም» የሚል ጽሑፍ፣ ግን እውነት ሲሆን ብቻ። አንዴ የዋሸ ማሽን ሰፈሩ ውስጥ ሁለተኛ አይታመንም።

እንግዲህ ምን ይሞላ?

ባለ ሦስት ቋት ማሽን ለጀማሪ ይበቃል። አንዱ ቋት ሁልጊዜ ክብ ማስቲካ ይሁን። በሙቀት የማይቀልጥ፣ እርጥበት የሚቋቋም፣ ወራት የሚቆይ እሱ ነው፤ በቁጥር ስለሚሸጥም ሒሳቡ አይሳሳትም። 25 ሚሊ ሜትሩ በብዛት የሚመጣው 850 ፍሬ በሚይዝ ካርቶን ነው። ጄልቲን አለመኖሩን ብቻ አረጋግጡ፤ አንዳንዱ ማስቲካ አለበት። ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያነጣው ቀይና ሰማያዊው የደበዘዘ ካለ ቦታው ፀሐይ እያገኘው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቋት ጠንካራ ቅርፊት ያለው ትንንሽ ከረሜላ ወይም በስኳር የተለበጠ ለውዝ። የተለበጠው ለውዝ ከሁለቱ ይሻላል፤ ስኳሩ ለውዙን ከአየር ይጋርደዋል፣ ፍሬውም እኩል ነው። ሙከራዎቹን ካለፈ በበጋ ሁለት ወር ይቆማል፤ በክረምት ግማሹን ጊዜ ቁጠሩ።

ሦስተኛው ቋት ላይ ነው አገሩን ማወቅ የሚጠቅመው። ከረሜላ የማይገዛ ትልቅ ሰው ቆሎ ይገዛል። መናኸሪያ አጠገብ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ጠጅ ቤት በር ላይ ከሁሉ በላይ የሚዞረው የቆሎና የለውዝ እጀታ ነው። ጾሙም አይነካውም።

ለቆሎ ግን ጥንቃቄው ብዙ ነው። ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለ ቆሎ እጅ ላይ ይጣፍጣል፤ ማሽን ውስጥ ግን ይለያያል። እጀታው በዞረ ቁጥር ማጠራቀሚያው ይንቀጠቀጣል፣ ትንሹ ሱፍ በትልልቆቹ መሐል እየሾለከ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሱፍ ብቻ ይደርሳቸዋል፣ የመጨረሻዎቹ ሽምብራ። የሱፉ ገለባም ዲስኩ ሥር ይጠቀጠቃል። ስለዚህ ሽምብራ ብቻውን፣ ወይም ሽምብራ ከእኩያው ለውዝ ጋር ሙሉ። ከመሙላታችሁ በፊት በወንፊት ንፉት፤ ብናኙና የወላለቀው ልጣጭ እዚያው ይቅር። በርበሬ ወይም ድልህ የተቀባ ቆሎ አይሆንም፤ ቅመሙ ብሩሹን ያለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ቋት የሚሞላ ማስቲካ ሁሉ ያቃጥላል።

ዳቦ ቆሎ ሊሠራ ይችላል፣ ግን በልክ ለሚቆርጥ ሰው ብቻ። ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ እኩል የተቆረጠ፣ እስከ ውስጡ የደረቀ መሆን አለበት። በዘይት የታሸውን ውሰዱ እንጂ በቅቤ የታሸውን አትውሰዱ፤ አንድም ለጾሙ፣ አንድም ቅቤው ቶሎ ስለሚሸት። ጫፉ የሾለ ዳቦ ቆሎ ብሩሹን በሁለት ወር ይጨርሰዋል።

ለውዙ፣ ኦቾሎኒ የምንለው፣ ዕድሜው አጭር ነው። የተቆላው ዘይቱ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበላሻል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት የሚሸጥ ያህል ብቻ ሙሉ፤ ከዚያ ያለፈውን አውጡት። ስታሸቱት የቀለም ቆርቆሮ የሚሸት ከሆነ አልቆለታል። ጨው የተነሰነሰበት ብረቱን ያዝገዋል፤ ዲስኩ ፕላስቲክ ካልሆነ ጨው አልባውን ምረጡ። ስትገዙ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን ልቀሙ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመጣል፤ መርዙን መቁላት አያጠፋውም።

ለጥር 23 የእንጅባራን የፈረሰኞች በዓል የሚጠብቅ ሰው ቆሎና ለውዝ ቀድሞ ያዘጋጅ፤ ብዙ ሕዝብ የሚውልበት ቀን ነው። አየሩም ደረቅ ስለሆነ ለአንድ ቀን ሲባል ቋቱን መሙላት አያሰጋም።

ክብ ጠንካራ ከረሜላ፣ ማስቲካና ሙሉ ለውዝ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ አደገኛ ነው። ይህም ማሽኑ ላይ ይጻፍ፤ ከመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ማሽን ማቆምም ይቅር።

ሳንቲሙና ሒሳቡ

ከውጭ የሚመጣው ማሽን አብዛኛው የተሠራው ለአሜሪካ 25 ሳንቲም ነው፤ ስፋቱ 24.26 ሚሊ ሜትር። የእኛ የ1 ብር ሳንቲም 27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይገባም። ቢገባም በ1 ብር የሚሰጥ ዙር አያዋጣም። መውጫው ቶክን ነው፦ ማሽኑ የሚቀበለውን መጠን ያህል የተቆረጠ ብረት ካፌው ወይም ሱቁ በብር ይሸጣል፣ ደንበኛው ያስገባል። ዋጋ ሲጨምር ማሽኑን ሳትነኩ የቶክኑን ዋጋ ብቻ ትቀይራላችሁ። ጆተኒና ከረንቡላ ቤት ያሉ ልጆች ለአንድ ጨዋታ መክፈልን ስለሚያውቁ ማስረዳት አይፈጅም። ቶክኑን ስታስቆርጡ ግን ከጋራዥ ሮንዴላ ጋር በስፋትም በውፍረትም እንዳይገጥም። ከገጠመ በሳምንቱ ሣጥኑን ስትከፍቱ የምትቆጥሩት ሮንዴላ ነው።

የዙሩን መጠን በዓይን አትወስኑ። ዲስኩን አስተካክሉ፣ 20 ጊዜ አዙሩ፣ የወረደውን ሁሉ መዝኑና ለ20 አካፍሉ። ለምሳሌ ኪሎው 450 ብር ቢሆን፣ ቶክኑ 20 ብር፣ የባለቦታው ድርሻ ከሽያጩ 20 በመቶ። ዙሩ 30 ግራም ከሆነ ከኪሎው 33 ዙር ይወጣል፤ ሽያጩ 660፣ ለባለቦታው 132፣ ለከረሜላው 450፣ የሚተርፈው 78 ብር። ዙሩ 25 ግራም ከሆነ 40 ዙር፤ ሽያጩ 800፣ ለባለቦታው 160፣ ለከረሜላው 450፣ የሚተርፈው 190 ብር። በ5 ግራም ልዩነት ትርፉ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ግን እዚህ ላይ ስስት አያዋጣም፤ ከ20 ግራም በታች የሆነ ዙር መዳፍ ላይ ሲታይ ያሳፍራል፣ ልጁም ተመልሶ አይመጣም። ከረሜላ በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ እንደገና መዝኑ፤ ክብደታቸው ስለሚለያይ ያው ጉድጓድ ከአንዱ 22፣ ከሌላው 31 ግራም ሊሰጥ ይችላል።

መሙላትና ማጽዳት

በበጋ ግማሽ፣ በክረምት ሲሶ ሙሉ። እስከ አፉ የተሞላ ማጠራቀሚያ ዓይን ይስባል፣ ነገር ግን የታችኛውን ይጫነዋል፣ የላይኛው ሳይሸጥ ይከርማል። በአሮጌው ላይ አዲስ አትጨምሩ። ከረሜላ የሚወርደው ከመሐል እየሰረገደ ነው፤ ዳርና ዳር ያለው ባለበት ይቀራል፣ ለስድስት ወር ስትጨምሩ ለስድስት ወር እዚያው ነው። ሁሉንም አውጡ፣ የተሰበረውን ለዩ፣ ዲስኩን አንሡ፣ በለብታ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ። ማድረቁን አትቸኩሉበት፤ ከዲስኩ ሥር የቀረች አንዲት ጠብታ ኪሎ ከረሜላ ታጣብቃለች። ከረሜላ የሚነካውን ክፍል ዘይት አትቀቡት፣ ይባስ ብሎ የሞተር ዘይት። ከዚያ አሮጌውን ከታች፣ አዲሱን ከላይ መልሱ።

መውረጃውን ክዳን በየሳምንቱ ጥረጉ፤ አቧራውና የልጆቹ እጅ የሚገናኙት እዚያ ነው። ጉንዳን ከመጣ ደግሞ መርዝ አትርጩ። የማሽኑ እግር ዙሪያ ቫዝሊን ወፍራም አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁት፣ መሬት ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ባለቦታው ማታ ማታ እንዲጠርግ ተስማሙ። ቆሎው ቋት ላይ ነቀዝ ካያችሁ ያን ቋት ብቻ አይደለም፣ ሦስቱንም አራግፉ።